የእትዬ እግርና የጋሼ መርፌ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አሁንም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ እስክሪብቶዬን አነሳና ሰው ያየኝ ይመስል ዙሪያዬን አያለሁ። የጎልማሶች ክፍል አስተማሪያችን «በቅርብ የምታውቁትን ሰው ኑሮ ጻፉ፤ ሌላ ሰው ያነበዋል» ስትለን፣ ሌሎቹ ስለ ትልልቅ ሰዎች ጻፉ። እኔ ትልቅ ሰው አላውቅም። የማውቀው እትዬን ነው። እሷንም ቢሆን ደህና አድርጌ የማውቀው ከጉልበቷ በታች ነው። እሷ ትሰፋለች፤ እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ የሰፋችውን እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ትርፍ ክር እለቅማለሁ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ያለው እግሯ ነው። ስለዚህ ሌላውን ብሳሳት ይቅር በሉኝ፤ ስለ እግሯ ግን አልሳሳትም።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም ነበር። እትዬም ልጅ ነበረች። ከእናታችን የተረፈን በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነው፤ ብረቱ ከባድ፣ እንጨቱ በእጅ ብዛት የለሰለሰ። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ መርገጫው ላይ መድረስ ስላልቻለች ቆማ ነበር የምትሰፋው። አንድ እግሯን መርገጫው ላይ ታደርግና ሰውነቷን በሙሉ ትጥልበታለች። እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ኋላ ቁመቷ ደረሰ፣ ተቀምጣ መስፋት ጀመረች፤ እግሯ ግን አልሰማም። ዛሬም የምትረግጠው እሳት እንደምታጠፋ ሰው ነው።

በዚህ እግሯ የተነሳ ከሁለት ቤት ወጥተናል። የመጀመሪያዋ አከራይ «ኮርኒሴ ረገፈ» አለች። ሁለተኛው ቤት ሕፃን ነበረ፤ እናቱ እያለቀሰች መጥታ «እባካችሁ፣ ይሄ ልጅ ከተወለደ ቀን እንቅልፍ አላየም» ስትለን እትዬ ዕቃ ማሰር ጀመረች። የሰፈሩ ሰው «ነጎድጓድ» የሚል ስም አወጣላት። ቤት ስንፈልግ አከራዮቹ «ልጅ አላችሁ?» ይሉናል። የለንም። «ውሻስ?» የለንም። ደስ ይላቸዋል። መኪናው በጋሪ ሲመጣ ያዩና «ውይ፣ ለካ ለዘመድ ቃል ገብቼ ነበር» ይላሉ።

ሦስተኛው ቤት ይኸው ያለንበት ነው። አሮጌ ፎቅ ነው። እኛ ላይ ነን፤ ወለላችን ጣውላ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃን የማይሰስት። ታች አከራያችን አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን በሙሉ ራዲዮ ጣቢያ የዘፈን ሸክላ ሲያጫውቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ንጹሕ ሽማግሌ ናቸው። ክፍላቸው ከበሩ እስከ መስኮቱ ሸክላ ነው፤ መቀመጫ እንኳን ሸክላ ገፋ አድርጎ ነው። መኪናውን አይተው አልከለከሉንም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉን፦

«ወለሌ ላይ ምስማር እንዳይመታ። ይህን ጣውላ ያነጠፈው አባቴ ነው።»

እትዬም «እኔ ከመርፌ ሌላ ምን አውቃለሁ ጋሼ» አለቻቸው። ሳቁ።

መኪናው ግን ይሄዳል። እትዬ በሙሉ እግሯ ስትረግጠው ቀስ እያለ ወደ መስኮቱ ይንፏቀቃል፤ ወንበሯን እየጎተተች ትከተለዋለች፤ እኔም ከነክሬ እከተላለሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጎንብሼ ባይ አራቱም የብረት እግሮቹ በብሎን ከጣውላው ጋር ታስረዋል።

«እትዬ! ጋሼ እኮ...»

«ምስማር አሉ እንጂ ብሎን አላሉም» አለችኝ ካቻቪቴውን ከአልጋው ሥር እየወረወረች። «ምስማር ይመታል። ብሎን ይታሰራል። እኔ አልመታሁም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሼ ደረጃው ላይ በሳሉ ቁጥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደ መኪናው እግር እገፋለሁ። እትዬ ትስቅብኛለች። «ጭምቷ፣ አንቺ እኮ ወለሉን ሳይሆን ፊትሽን ብትሸፍኚ ይሻላል። የሚያሳብቅብን እሱ ነው።»

እንዲህ ሆነን ስንኖር የጋሼ ግራ ጆሮ ተዘጋ። ሐኪሙ ቀኙም መከተሉ እንደማይቀር ነገራቸው። እሳቸው አላለቀሱም፣ ለሰውም አላወሩም። ያላቸውን ሸክላ ሁሉ፣ ከበሩ ጀምረው እስከ መስኮቱ፣ ቀኝ ጆሯቸው ሳይዘጋ አንድ አንድ ጊዜ ለመስማት ቆረጡ። ጠዋት ይጀምራሉ፤ ማታ ሲደክማቸው ያቆማሉ። የማጫወቻው መርፌ ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ያን ዓይነት መርፌ የሚሠራ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። እና እትዬ ስትረግጥ መርፌው ይዘላል።

መጀመሪያ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ኳ ኳ ያደርጉ ነበር፤ በጨዋ ደንብ። እትዬ ታቆማለች። ትንሽ ቆይታ ትጀምራለች። ኳ ኳ። በዚያ ሰሞን ደግሞ የሆስፒታል ጋዎን ይዘናል፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቀን ቆርጦልናል፤ ካለፈ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ተራ እንግባ እንዳይባል፣ ሁለቱም ቀኑን በሙሉ ይፈልጉታል። አንድ ቀን ጋሼ ደረጃው ግማሽ ላይ ቆመው ጠሩን።

«ልጆቼ፣ ሰው አስወጥቼ አላውቅም» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው የለሰለሰ ነበር። «ግን ጆሮዬ አይጠብቀኝም። እስከ እሁድ መላ ካልተገኘ ሌላ ቤት ብትፈልጉ ነው የሚሻለው።»

ቢሰድቡን ኖሮ እትዬ መልስ ታውቅ ነበር። እንዲህ ሲሏት ግን «እሺ ጋሼ» አለች። ገብታ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች፤ አልረገጠችም። እግሯ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ነጎድጓድ የተባለች ሴት፣ ሰው የማትፈራ። የትም ቤት እንደማናገኝ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

መላውን ያመጡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። «ማጫወቻው ጫማው አልቋል» አሉ። ለካ የሸክላ ማጫወቻ ሥሩ ላይ ትንንሽ የጎማ እግሮች አሉት፤ ከታች የሚመጣውን ንዝረት የሚውጡ። የእሳቸው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። «የእግር ዓይነት ብዙ ነው፤ አንዱ ይውጣል፣ አንዱ ያስተላልፋል። እናወዳድራለን። ጥሩውን ካገኘን ማንም የትም አይሄድም።»

እትዬ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ «ተነሺ» አለችኝ፤ ጥግ ላይ ወደሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ሄድን። ወፍራም የሶል ጎማ እንዲቆርጥልን ጠየቀችው።

«ለማን ጫማ ነው?» አለ።

«ለሸክላ ማጫወቻ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ነጎድጓድ፣ እኔን ለመሳደብ ይህን ያህል መንገድ ባትመጪ ምን ነበረበት? እዚያው ሆነሽ ብትረግጪ ይሰማኛል።»

«እውነቴን ነው ወንድሜ። አራት እግር አለው።»

«አራት እግር! ባለ ሁለቱ ሰው ያላስለቀሰኝን።» ጎማውን እየቆረጠ ወደ እኔ ዞረ፤ «ይቺ ዝም ያለችው ሁሌ እንዲህ ናት? ምላሷን ልስፋላት እንዴ፣ ተቀዶ ነው?» አፈርኩ። እትዬ ለሁለት የተሰነጠቁ የቴኒስ ኳሶች ስታሳየው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ ይንከባለላል። ጫማ ከሆነ ማሰሪያም ይፈልጋል። ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ላልብስልሽ?»

«ማጫወቻ የት ይሮጣል ብለህ ነው?» አለችው፤ ተሳሳቁና ተለያዩ።

ውድድሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ ማጫወቻውን ቀና ያደርጋሉ፤ እኔ እግሮቹን ከሥር አስገባለሁ። አጠገቡ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይቀመጣል። «አንቺ ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ ውሃውን ጠብቂልኝ። እኔ መርፌውን እሰማለሁ» አሉኝ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወደ ላይ «እርገጪ!» ይላሉ። ደህና ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ያዞራሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

እትዬ ረገጠች። ሰማሁት። እሷ አልነበረችም። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ የሰውን ኮቴ ከበር ውጭ እንደሚለዩት ማለት ነው። እንደ ድመት ነበር የረገጠችው፤ ጣቷን እንኳን ሙሉ ለሙሉ አላሳረፈችም።

«ተንቀሳቀሰ?» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ውሃው እንደ መስታወት ነው። «አልተንቀሳቀሰም ጋሼ።»

ውሸት አልነበረም። 

የሶል ጎማው አለፈ። ከጠርሙስ ክዳን የተቆረጠው ቡሽ አለፈ። ግማሽ ኳሶቹ አለፉ። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው በሳጥን የላኩላቸው፣ ጫፋቸው እንደ እርሳስ የሾለ የብረት እግሮች ነበሩ፤ እነሱም አለፉ። ከአሮጌ ሶፋ የወጣ ሞላ፣ እሱም አለፈ። ጋሼ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ እያደር ፊታቸው ጨፈገገ።

«እንዴት ነው ሁሉም እኩል የሚሆነው? ሹሉ ብረት እኮ ንዝረቱን ማሳለፍ አለበት። ጎማው መዋጥ አለበት። ሁሉ ፈተና ያለፈበት ክፍል፣ ወይ ተማሪዎቹ ሰረቁ ወይ አስተማሪው ተኝቷል።»

እጄ ላይ ያለው ሞላ ወደቀ። እሳቸው አላስተዋሉም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቼ እትዬ እግር ሥር ተቀመጥኩ። «እንዲህ አይደለም እኮ የምትረግጪው» አልኳት።

«እንዴት ነው የምረግጠው?»

«እንደ... እንደ ራስሽ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንደ ራሴ ከረገጥኩ ዛሬውኑ ነው የምንወጣው። እግሩን ይምረጡ፤ ደስ ይበላቸው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለምዱታል። አንቺ ውሃሽን ጠብቂ። ዝም አይነቅዝም።»

 ዝም ማለት ለእኔ ሥራ አይደለም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ያን ጊዜ ግን ከበደኝ።

ጋሼ በመጨረሻ ሞላውን መረጡ። ማጫወቻውን በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት እንደ ጀልባ ይዋልላል፤ እሱ ነው ልባቸውን የወሰደው። እሁድ ደረሰ፤ «በሉ፣ ኑሩ» አሉን። እትዬ እጃቸውን ሳመች። እኔ ደስታዬ አልመጣ አለኝ።

እነዚያን ቀናት በድመት እግር ስለሰፋች ጋዎኑ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰኞ ጠዋት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ብቅ ብሎ ክምሩን አየና «ከነገ ወዲያ ካልደረሰ አትልፉ፤ ሰው አለኝ» ብሎ ሄደ። እትዬ በሩን ዘጋች። ተቀመጠች። ወደ እኔ አላየችም። በሙሉ እግሯ ረገጠች።

ከታች የሚዘፍን ድምፅ ነበር፤ የሴት ድምፅ፣ ዝግ ያለ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ድንገት ወፍራም ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቀደደ ይመስል «ጭርርር» አለ። ሞላው ወለሉ ሲነቃነቅ ጨምሮ ይደንሳል ለካ። «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» ይባል የለ።

መጥረጊያውን ጠበቅን። እትዬ እግሯ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እኔ መርፌዬ ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ።

«መቱ?» አለችኝ።

«አልመቱም።»

«ምናልባት አልሰሙት ይሆናል።»

«እትዬ፣ እሳቸው ናቸው እኮ የሚያጫውቱት።»

ምሳ አለፈ። መጥረጊያ የለም፣ ሳል የለም፣ ሙዚቃ የለም።  ከሰዓት በኋላ እትዬ ተነሳችና የክር ጥቅልሎቿን ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመረች። «ሳይሉን እንውጣ። ለሦስተኛ ጊዜ 'ውጪ' ሲሉኝ መስማት አልፈልግም» አለች። ካቻቪቴውን ከአልጋው ሥር አወጣች፤ ተንበርክካ ብሎኑን ለመፍታት ሞከረች። አልዞር አለ። ቀየረች፤ ሌላውም አልዞር አለ። ከታሰረ ጀምሮ በሙሉ እግሯ ስትረግጥበት ጣውላው ውስጥ ነክሶ ቀርቷል። አንገቷ እስኪያብጥ ገፋች። ካቻቪቴው አመለጠና እጇን ላጣት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ በምቀመጥበት ቦታ። ለመቆየትም አልሆነም፤ ለመውጣትም ወለሉን መስበር ነው።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች።

እኔ ብቻዬን ወደ ጋሼ ክፍል ወርጄ አላውቅም፤ ሁሌም ተልኬ ወይ ተጠርቼ ነው። ያን ቀን ማንም አልላከኝም። ደረጃውን በግድግዳው ተደግፌ ወረድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ጋሼ ሸክላውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። መርፌው አልተሰበረም፤ አየሁት። ሞላዎቹ ቅርጫት ውስጥ ተጥለዋል።

«ሞላው ነው ያታለለኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሁሉንም ሞክረናል። ከእንግዲህ ምን ይሞከራል? እህትሽን ጥሪልኝና...»

«ጋሼ፣ እግሯ አልነበረም» አልኩ።

«እ?»

«እግሯ... የእሷ አልነበረም።»

«በማይሰማው ጆሮዬ በኩል ነው የቆምሽው ልጄ። በዚህ ዙሪና ጮክ በይ።»

ዞርኩ። እኔ በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። ለጉልት ነጋዴ እንኳን የምፈልገውን በጣቴ ነው የማሳየው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስንሞክር በእውነተኛ እግሯ አልረገጠችም! በጣቷ ነው የረገጠችው! ስለፈራች ነው!»

ከላይ የሆነ ነገር ወደቀ። ካቻቪቴው መሆን አለበት። ሰማችኝ ማለት ነው፤ ሰፈሩም ሳይሰማ አልቀረም።

ጋሼ ሸክላውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ መቆጣትስ ተቆጡ፤ ግን በጠበቅኩት አይደለም።

«ማለት... እኔ ያን ሁሉ ቀን ምን ስመዝን ነበር? ቡሹን ከጎማው፣ ጎማውን ከኳሱ... ምንም? ባዶ?» ተነሱ። «ሰው ያስቸግረኛል፤ እሺ። ሰው ይዋሸኛል፤ እሺ። ውድድሬን ማበላሸት ግን ምን የሚሉት ነው!»

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇ ይደማል። «እሷን ተዉአት ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብሎንም አለ። ወለሉ ላይ።»

«ብሎኑን ተይው አሁን! ስለ እግር ነው የማወራው!» አሉ። ከዚያ ቆም አሉ። «ብሎን?»

ደረጃውን ሲወጡ በየእርከኑ እያረፉ ነበር፤ ከኋላቸው ተከተልን። ጨርቁን ገለጥኩላቸው። አራቱንም ብሎን አዩ። ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ደህናውን ጆሯቸውን ጣውላው ላይ አደረጉ። «እርገጪ። በእግርሽ።»

እትዬ ረገጠች። ጋሼ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ እጃቸውን አነሱ፤ አቆመች።

«ከበሮ ላይ ተቀምጠሽ ነው የምትሰፊው» አሉ። «መኪናሽ ከዚህ አግዳሚ እንጨት ጋር አንድ ሆኗል። የእኔ መደርደሪያ የተሰቀለው በዚሁ እንጨት ላይ ነው። እኛ ጫማ ስናለብስ የነበረው ላልታመመው እግር ነው።»

 የእናታችንን መኪና ያዝ አድርገው ተነሱ።

«አልተቀየምኩም አልልም። የአባቴ ወለል ነው፤ ተቀይሜያለሁ። ነገ ጠዋት እንደገና እንጀምራለን፤ እግሮቹ ከመኪናው ሥር ይሆናሉ፤ አንቺም በራስሽ እግር ትረግጫለሽ። መርፌው ከዘለለ...» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ ጋሼ።»

ዘይት ያዘለ ጨርቅና የራሳቸውን ረጅም ካቻቪቴ አምጥተው ብሎኖቹን ራሳቸው ፈቱ። ለእትዬ አልሰጧትም። ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነኩ ለብቻቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ማታ «ጮኽሽ» አለችኝ እትዬ መብራቱን ስታጠፋ። ተቆጥታ ይሁን ተገርማ አልለየሁትም።

ጠዋት ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነበር። ትታኝ የሄደች መሰለኝ። ስትመለስ እጇ ላይ የጎማ ቀለበቶች ነበሩ፤ ጫማ ሰፊውን ገና ሳጥኑን ሳይከፍት ጠብቃ ያስቆረጠችው። «'መጨረሻው ላይ ማሰሪያ ፈለገ አይደል?' አለኝ፤ እድሜ ልኩን ሲስቅብኝ ይኖራል» አለች።

ጋሼ ከታች ሆነው «ውሃውን ማን ይጠብቃል?» ብለው ተጣሩ። ልወርድ ስል እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ውሃውን እሳቸው ይዩ። አንቺ እዚህ ቁጭ በይ፤ እግሬን ተመልከቺ። ከሰነፈ ንገሪኝ። ጮክ ብለሽ።»

ቁጭ አልኩ። ጫማዋን አወለቀች። መጀመሪያ የሶሉን ጎማ ከመኪናው ሥር አስገባን። ታች የዚያች ሴትዮ ዘፈን ተጀመረ፤ ጭረቱ ጋ ሲደርስ እየተደናቀፈ። እትዬ ረገጠች፤ በሙሉ እግሯ። ወዲያው ኳ ኳ። ቡሹን ቀየርን። ትንሽ ቆይቶ ኳ ኳ። ላቧ በጆሮዋ ሥር ወረደ። ሞላውን አልሞከርነውም፤ ሹሉን ብረት ደግሞ ጋሼ ገና ስሙን ስናነሳ «ወለሌን!» ብለው ጮኹ። ግማሽ ኳሶቹ ብቻ ቀሩ። ቀለበቶቹን ወለሉ ላይ አደረገች፤ ኳሶቹን በየቀለበታቸው ደፋች፤ መኪናውን ከእኔ ጋር ተሸክማ አስቀመጠችባቸው።

አንድ ጋዎን ከመርፌው ሥር አስገባች። እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች። ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ጣቷ ብቻ ነበር የነካው።

«እትዬ፣ ሰነፈ» አልኩ። አልሰማችኝም። «እትዬ! ሰነፈ!»

ተረከዟን አወረደች። ረገጠች፤ ያኔ ቆማ ስትሰፋ እንደነበረው፣ ሰውነቷን በሙሉ ጥላ። መኪናው ቀለበቶቹ ውስጥ ተወዛወዘ እንጂ አልተራመደም። ከታች ሴትዮዋ ትዘፍናለች። አንዱ እጅጌ አለቀ። ሌላው ተጀመረ። እኔ ኮርኒስ እንደሚደረመስበት ሰው አንገቴን ቀብሬ መጥረጊያውን እጠብቃለሁ። ዘፈኑ አለቀ፤ ዝም አለ። እትዬም እግሯን አቆመች።

«ማን አቁሚ አለሽ?» አሉ ጋሼ ከታች። «ሌላኛውን ገጽ እየገለበጥኩ ነው። ቀጥይ!»

እትዬ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች፤ ያለቀውን ጋዎን እላዬ ላይ ወረወረችልኝና የሚቀጥለውን አንስታ ረገጠች።